ሬቪት ስታክ ሲያደርግ ፕሮሰሰሩ 11% ላይ ነው፤ የትኛው ሴቲንግ ይስተካከል?

ሴክሽን_ኤ

ሰላም ለሁላችሁ። ሬቪት 2023 (የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር) ላይ 240 ሜጋባይት የሚሆን የባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ሞዴል እየሠራሁ ነው። ዋናው ባለ ሦስት አውታር ቪው ሲከፈት 40 ሰከንድ ያህል ስታክ ያደርጋል፤ ግድግዳ ሳንቀሳቅስ ደግሞ 5፣ 6 ሰከንድ ይቆያል። ታስክ ማናጀር ሳይ ግን ፕሮሰሰሩ 11% ላይ ነው።

ላፕቶፑ ኮር አይ7-9750ኤች፣ ራም 16 ጊጋባይት (አንድ ፍሬ)፣ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ፣ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 11።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ኤምኤስኮንፊግ ገብቼ ቡት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ የፕሮሰሰር ቁጥሩን 12 አድርጌያለሁ፤ ለውጥ የለም። ታስክ ማናጀር ላይ የሬቪትን ፕራዮሪቲ ሪልታይም ሳደርገው ማውሱ ራሱ ቆመ። ሁሉንም ኮር እንዲጠቀም የማስገደጃ መንገድ አለ? ኦቨርክሎክስ?

ኮር_ቆጣሪ

መጀመሪያ 11% የሚለውን ቁጥር እንፍታው። ፕሮሰሰርህ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) አለው። ታስክ ማናጀር 100% የሚለው 12ቱም ሲሞሉ ነው። አንድ ትሬድ እስከ አናቱ ቢሞላ 100 ለ12 ተካፍሎ 8.3% ይሆናል። ቀሪዋ 2 ወይም 3 በመቶ ዊንዶውስና አንቲቫይረሱ ናቸው። ስለዚህ 11% ማለት ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቷል ማለት አይደለም፤ አንዱ ኮር አቅሙን ጨርሷል፣ ሌሎቹ የሚካፈሉት ሥራ የለም ማለት ነው። ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ ውስጥ ግራፉን ቀኝ ክሊክ አድርገህ ወደ ሎጂካል ፕሮሰሰርስ ብትቀይረው 12 ሣጥን ይወጣልሃል። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውር ሁለት ሦስት ሣጥን በግማሽ ተሞልቶ ልታይ ትችላለህ፤ ቢደመር ያው አንድ ትሬድ ነው።

ሬቪት ለምን አይከፋፍለውም ለሚለው፦ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ በሩ ይከተላል፣ ከበሩ የክፍሉ ስፋት፣ ከክፍሉ ስኬጁሉ። ሁለተኛው ስሌት የፊተኛውን ውጤት ሳይዝ አይጀምርም። በየትኛውም ሴቲንግ የሚገደድ ነገር አይደለም። ሬቪት ብዙ ኮር የሚጠቀምባቸው ሥራዎች አሉ፤ ፋይል ሲከፍትና ሲያስቀምጥ፣ የቬክተር ፕሪንት፣ ወደ ዲደብልዩጂ (የአውቶካድ ፋይል) ኤክስፖርት፣ የግድግዳ መጋጠሚያ ማጽዳት፣ ሬንደር (ከሞዴሉ ምስል ማውጣት)። ሞዴሉን በእጅ ስታርመው ግን የሚፈርደው የአንድ ኮር ፍጥነት ነው። አውቶካድ፣ ስኬችአፕና የሶሊድወርክስ ሪቢልድም እንደዚሁ። ቪሬይና ኮሮና በፕሮሰሰር ሬንደር ሲያደርጉ ተቃራኒው ነው፤ 12ቱንም ይሞላሉ። ኤንስኬፕ፣ ሉሚዮን፣ ትዊንሞሽን በግራፊክስ ካርዱ ስለሚሠሩ እዚህ ውስጥ አታስገባቸው።

የሞከርካቸውን ሁለቱንም መልሳቸው። ኤምኤስኮንፊግ ላይ ያለው ቁጥር መገደቢያ ነው፤ ባዶ ሲሆን ዊንዶውስ ያለውን ሁሉ ይጠቀማል። ምልክቱን አንሳና ሪስታርት አድርግ። በቪዲዮ ሁሉ «ኮምፒውተርዎን ያፍጥኑ» እየተባለ የሚዞረው ይህ ነገር ሰው ጊዜ ከማባከን ሌላ ያመጣው ለውጥ የለም፤ ሳያውቁ 4 ላይ የተዉት ሰዎች ደግሞ ለወራት በሲሶ አቅም ሠርተዋል። ሪልታይም ደግሞ ሬቪትን ከማውስና ከኪቦርድ ሾፌሮች ፊት ስለሚያሰልፈው ያየኸው መድረቅ የሚጠበቅ ነው።

አሁን የሚያስፈልገን ልኬት ነው። ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ሴንሰርስ ኦንሊ አድርገህ ክፈት። ስታክ በሚያደርግበት ሰዓት የኮር ክሎክ፣ የሲፒዩ ፓኬጅ ሙቀት፣ የፓኬጅ ፓወር በዋት ስንት እንደሆኑ፣ ማክሲመም በሚለው ዓምድ ላይ ያለውን ጭምር ጻፍልን።

ባለ_ስክሩ

ቻርጀሩ ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ነው ወይስ ተቀይሯል? ስንት ዋት ይላል? ከልኬቱ ጋር አብረህ መልስ።

ሴክሽን_ኤ

ቻርጀሩ የራሱ ነው፣ 135 ዋት ይላል። ሪስታርት አድርጌ ሬቪት ስታክ ሲያደርግ የለካሁት፦ የኮር ክሎክ 2.59 ጊጋኸርዝ፣ ሙቀት 61 ዲግሪ፣ ፓኬጅ ፓወር 17 ዋት። ማክሲመሙም 2.59 ነው፤ አንድም ጊዜ አላለፈም።

ሚሊቮልት

መልሱ ያቺ 2.59 ውስጥ ናት። የ9750ኤች መነሻ ፍጥነት 2.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ በአንድ ኮር ግን እስከ 4.5 መድረስ አለበት። 61 ዲግሪ ላይ የሚያግደው ሙቀት የለም፣ 17 ዋት ላይ የሚያግደው የኃይል ገደብም የለም (የዚህ ቺፕ መደበኛ ገደብ 45 ዋት ነው)። እያለው ካልወጣ ተርቦው (ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚወጣበት ዘዴ) ተዘግቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋውም በዚህ መንገድ ነው፦

ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ። ከሚወጣው ዝርዝር ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንትን ዘርጋና ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን እይ። 99% የሚል ካገኘህ እሱ ነው። በእነዚህ ትውልዶች ላይ ከ100 አንዲት ቁጥር ስትቀንስ የሚቀነሰው 1% አይደለም፤ ተርቦው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ላፕቶፕ እንዳይሞቅ ተብሎ የሚመከር ዘዴ ስለሆነ ከአንተ በፊት የያዘው ሰው ወይም የጠገነው ባለሙያ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ፕለግድ ኢን የሚለውን 100 አድርግ። ሚኒመሙ 5% ላይ ይቆይ፤ 100 ማድረግ ባዶ ሙቀት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲመጣ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ይነሣል።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ውስጥ ፓወር ሞድ የሚለውን ቤስት ፐርፎርማንስ አድርገው። ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። ከላፕቶፑ አምራች የመጣ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ካለ ደግሞ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ ሳይለንት ወይም ኳየት ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ያደረግከውን ሁሉ ይሽረዋል።

መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ሲዞር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ባትሪ ላይ ሆነህ የለካኸውን ከቻርጀር ጋር አታወዳድር።

አልሙኒየም_መስኮት

በዚሁ ክር ልጠይቅ። የእኔ 0.79 ጊጋኸርዝ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት 100 ነው፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ነው፣ አውቶካድ ላይ ዙም ማድረግ እንኳ ፈተና ሆኗል። ቻርጀሩ ከተበላሸ በኋላ ከገበያ የተገዛ 65 ዋት ነው፤ የድሮው 130 ነበር።

ባለ_ስክሩ

ጥፋቱን ራስህ ጽፈኸዋል። የብዙ ላፕቶፖች ቻርጀር መሐል ላይ ቀጭን ፒን አላት፤ የእሷ ሥራ ኃይል ማስተላለፍ ሳይሆን ለማዘርቦርዱ «እኔ ይህን ያህል ዋት ነኝ» ብላ መናገር ነው። ማዘርቦርዱ መልእክቱን ካልሰማ ወይም የሰማው ዋት ካነሰው ለፕሮሰሰሩ ቢዲ ፕሮክሆት የሚባል ምልክት ይልካል። ፕሮሰሰሩ ያን ሲያይ ሙቀት የደረሰበት ይመስል ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ይወርዳል፤ 0.79 ወይም 0.39 የሚታየው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ፦ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ገብተህ ኤሲ አዳፕተር የሚል መስመር ካለ ምን እንደሚል እይ። አንኖውን ካለ ተገኘ። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ብቻ አስነሳው፤ ፍጥነቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ ቻርጀሩ ወይም ሶኬቱ ነው። አንዳንዴ ቻርጀሩ ደህና ሆኖ የላፕቶፑ መሰኪያ ውስጥ ያለችው ፒን ተጣማ ወይም የገመዱ ጫፍ ውስጡ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ገመዱን ከጫፉ አጠገብ ስታንቀሳቅስ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ካለ በሽታው እዚያ ነው።

ስሮትልስቶፕ የሚባለው የፕሮሰሰር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላይ ቢዲ ፕሮክሆት የሚለውን ምልክት ብታነሣ ወዲያው ይፈጥናል፤ ይህን የሚመክሩህ ብዙ ናቸው። አልመክርህም። 130 ዋት የሚፈልግ ማሽን 65 ዋት ቻርጀር ላይ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠይቅ ቻርጀሩ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ወይም ባትሪው ጉድለቱን እየሞላ ሶኬት ላይ ሆነህ ይወርዳል። ያው ምልክት የኃይል ማከፋፈያው ክፍል ሲግል የሚጮኸውም ስለሆነ፣ ስታጠፋው የምታጠፋው ጠባቂውን ነው። ዋቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ቮልቱ ትክክል የሆነ ቻርጀር ግዛ። ቮልት እኩል መሆን አለበት፣ ዋት ቢበልጥ ችግር የለም።

ሴክሽን_ኤ

ሚሊቮልት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባልሽው ቦታ 99 ነበር። 100 አድርጌው አሁን ሬቪት ላይ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሄዳል። ያው ቪው ሦስት ጊዜ ተለክቶ 26፣ 27፣ 26 ሰከንድ፤ ግድግዳ ማንቀሳቀሱ 3 ሰከንድ ገደማ። አውቶካዱም ቀለለኝ።

አሁን የመጣው ችግር ቪሬይ ነው። ሬንደር ሲጀምር 4.0 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ 97 ዲግሪ ይገባና ወደ 2.9 ይወርዳል። ማራገቢያው ይጮኻል።

ኮር_ቆጣሪ

የ26 ሰከንዱን ሒሳብ እዩት። ፍጥነቱ ከ2.6 ወደ 4.3 ሲያድግ 1.65 እጥፍ ነው፤ 40 ለ1.65 ሲካፈል 24። የቀረችው ሁለት ሰከንድ ራምና ግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ከዚህ በኋላ ቪው መክፈቱን በፕሮሰሰር ሴቲንግ ብዙ አትቀንሰውም፤ ሴክሽን ቦክስ መጠቀምና የማይፈለጉ ሊንኮችን አንሎድ ማድረግ የበለጠ ይሰጥሃል።

ባለ_ስክሩ

ቪሬዩን በተመለከተ ሶፍትዌር ከመንካትህ በፊት ክፈተው። 2019 ላይ የወጣ ቺፕ ነው፤ ፔስቱ (በቺፑና በሙቀት ሳህኑ መካከል የሚቀባው) ካልተቀየረ ደርቋል።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ አንድ ነገር፦ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በ20% ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚያሻግረው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ የውጭ ሰዎች በግምገማ ቪዲዮ «ይህ ላፕቶፕ 84 ዲግሪ ነው» ያሉትን እዚህ አትጠብቁ። የክፍላችሁ ቅዝቃዜ ትንሽ ይክሳል እንጂ አይተካም። ድሬዳዋ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ያንን መልሶ ይወስዳል።

አከፋፈቱ፦ አጥፋ፣ ቻርጀር ንቀል፣ የታችኛውን ክዳን ብሎኖች እንዳወጣጣቸው ወረቀት ላይ ደርድራቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው የኪቦርዱን ፊት ይበሳል። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ንቀል። ማራገቢያውን ከሙቀት ማስወጫው ክንፎች ለይተው፤ ቆሻሻው የሚቀመጠው ማራገቢያው ላይ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነው። አቧራው እንደ ባዘቶ ተነባብሮ አንድ ሉህ ሆኖ ይወጣል። ሳይት የሚውል ላፕቶፕ ከሆነ የሲሚንቶ ብናኝ ስላለበት ደረቁን በብሩሽ አንሣ፤ እርጥብ ነገር አታስነካው። አየር የምትነፋ ከሆነ ማራገቢያውን በስቴክኒ ያዘው፤ ሳይያዝ በአየር ሲፈተል ከልኩ በላይ ዞሮ መዘውሩ ይጎዳል።

የሙቀት ቱቦውን ስትፈታ ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። ስትፈታ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ስታስር ከ1 ጀምሮ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ። አንዱን ጨርሰህ አጥብቀህ ወደ ሌላው ከሄድክ ሳህኑ ያዘነብላል፣ አንዱ ኮር ከሌላው 10 ዲግሪ በልጦ ይታይሃል። የድሮውን ፔስት በአልኮል አንሣ፤ 90% አይሶፕሮፒል ይሻላል፣ ያለህ 70% ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቅ። አዲሱን የሩዝ ፍሬ ታህል አድርገህ ቺፑ ላይ በስሱ ቀባው፤ የቺፑ አራቱም ማዕዘን መሸፈን አለበት፣ ከላይ የሚከድነው ብረት ስለሌለ ያልተሸፈነ ጥግ ብቻውን ይግላል። ወፈር ያለ ፔስት ምረጥ፤ ቀጭኑ በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት ወደ ጎን እየተገፋ በጥቂት ወራት ይወጣል። ሜሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ከቀደዳችኋቸው ውፍረታቸውን ለክታችሁ በዚያው ተኩ። በ0.5 ሚሊሜትር ቦታ 1 ሚሊሜትር ከገባ የሙቀት ሳህኑ ከፕሮሰሰሩ ላይ ይነሣል፣ ከበፊቱ ይብሳል።

ሚሊቮልት

ከጽዳቱ በኋላ ደግሞ አንደርቮልት፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ መቀነስ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ፦ ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። 1.05 ቮልት ላይ የነበረውን 0.95 ብታደርገው በዚያው ፍጥነት 18% ያህል ኃይል ይቀንሳል። ፋብሪካው ለደካማው ቺፕም እንዲበቃ ብሎ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው፤ እኛ የምናነሳው ያንን ትርፍ ነው።

በስሮትልስቶፕ፦ ኤፍአይቪአር የሚለውን ክፈት። ሎክድ የሚል ካየህ ባዮስህ ዘግቶታል። 2019 ዲሴምበር ላይ ፕለንደርቮልት የሚባል የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ከሆነ በኋላ ብዙ አምራቾች በባዮስ ዝማኔ ዘግተውታል። ክፍት ከሆነ ግን ሲፒዩ ኮርን መርጠህ አንሎክ አድጀስተብል ቮልቴጅ ላይ ምልክት አድርግ፣ ኦፍሴቱን ከዜሮ በታች 50 ሚሊቮልት አድርግ። ከዚያ ሲፒዩ ካሽን መርጠህ ያንኑ ቁጥር ስጠው። ሁለቱ በአንድ መስመር የሚመገቡ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ዝቅ ብታደርግ ቮልቴጁ አይወርድም፤ «ሞከርኩት፣ ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ካሹን ረስተው ነው።

ከታች ያለው ምርጫ ላይ «ቮልቴጁን ወዲያው አታስቀምጥ» የሚለው ይሁን። ቁጥሩ ከበዛ ማሽኑ ይዘጋል፣ ስታስነሳው ወደ ድሮው ይመለሳል። «ወዲያው አስቀምጥ» ብለህ ከሆነ ግን ስትከፍተው እየዘጋ ያስቸግርሃል።

ከ50 ተነሥተህ በ10 እየጨመርክ ውረድ። በየደረጃው ሲኒቤንች አር23 (የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም) ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ እውነተኛ ሬንደር ለ30 ደቂቃ፣ ከዚያም ምንም ሳትሠራ ለጥቂት ጊዜ ተወው፤ በሥራ ላይ ቆሞ በዝምታ የሚወድቅ አለ። በዚህ ትውልድ ከ100 እስከ 125 የሚችሉ ቺፖች ብዙ ናቸው፤ አንተ ግን የተገኘውን ያዝ። ሰማያዊ ስክሪን ላይ ዊአ (የሃርድዌር ስህተት መልእክት) ወይም ክሎክ ዎችዶግ የሚል ካየህ ካቆምክበት 20 ሚሊቮልት ወደ ላይ ተመለስ። 10 አይበቃም፤ ክረምት ላይ የቆመው በጋ ላይ ይወድቃል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ከበራ ቁጥሩ የተቀየረ ቢመስልም ቮልቴጁ አይወርድም። ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ከቫይረስ የሚከላከል ግድግዳ ነው። የሰው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት የቢሮ ማሽን ከሆነ አታጥፉት፤ የባለ_ስክሩ ጽዳት ላይ ቁሙ።

ቮልቴጁ ለተዘጋበት ሌላ መላ አለ፦ እዚያው መስኮት ውስጥ ተርቦ ሬሾ ሊሚትስ። የአንድ ኮሩን 45 እንዳለ ተወው፤ የስድስት ኮሩን ከ40 ወደ 36 አውርደው። ሬቪትና አውቶካድ የሚጠቀሙት የላይኛውን ስለሆነ አይነካቸውም። ሬንደሩ 3.6 ላይ ሳይዋዥቅ ይሄዳል፤ 4.0 ተነሥቶ 2.9 ከሚወድቀው ይልቅ በረጅም ሬንደር ቀድሞ ይጨርሳል።

ኮር_ቆጣሪ

ሚሊቮልት ባለችው እስማማለሁ፣ ግን ለስትራክቸራል ሰዎች አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ቮልቴጅ ያነሰው ፕሮሰሰር ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያሳይም፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ሬንደር ላይ ይህ አንዲት የተበላሸች ነጥብ ናት። ኢታብስ (የስትራክቸር ስሌት ፕሮግራም) ላይ ግን የኮለን ሞመንት ነው። የስሌት ማሽን ላይ እስከ ጫፍ አትውረዱ፤ ጽዳትና ፔስት ብቻ፣ ወይም ከጫፉ 40፣ 50 ሚሊቮልት ርቃችሁ ቁሙ። ኢቨንት ቪውወር፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ሲስተም ውስጥ ዊአ ሎገር የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ማሽኑ ባይዘጋ እንኳ ስህተት እየተስተካከለ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን የወጣ ስሌት መልሳችሁ አስሉ።

ኢታብስን ማፍጠን የፈለገ ሰው አናላይዝ፣ አድቫንስድ ሳፕፋየር ኦፕሽንስ ገብቶ ሶልቨሩ መልቲትሬድድ መሆኑን ይይ። እዚያ ኮር መብዛቱ ይጠቅማል፤ የቮልት ጨዋታ አያስፈልገውም።

ጣሪያና_ግድግዳ

ዴስክቶፕ አለኝ፣ ኮር አይ7-14700ኬ። ሬንደር ላይ ሦስት ዲ ማክስ ራሱን ይዘጋል፣ ዚፕ ስፈታም ፋይሉ ተበላሽቷል ይለኛል። ራሙን ለብቻው ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው። ባዮሱ ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም። አንደርቮልት ያድነው ይሆን?

ሚሊቮልት

እዚያ ላይ አትነካካው። 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ኢንቴል ላይ ቺፑ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን የሚጎዳበት ችግር ነበር። ኢንቴል በማይክሮኮድ (በባዮስ ዝማኔ የሚመጣ የቺፑ ውስጣዊ መመሪያ) ነው ያረመው፤ ዜሮ ኤክስ 129 ኦገስት 2024 ላይ፣ ዜሮ ኤክስ 12ቢ ሴፕቴምበር 2024 ላይ፣ ከዚያም ዜሮ ኤክስ 12ኤፍ በሜይ 2025 ወጥተዋል። ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ የመጨረሻውን ባዮስ አውርደህ ጫን፤ ስትጭን መብራት እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ መሐል ላይ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ባዮስ ውስጥ ኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግስ የሚለውን ፕሮፋይል ምረጥ። የኃይል ገደቦቹ ሁለቱም 253 ዋት መሆናቸውን አረጋግጥ። ብዙ ቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ገደቡን ከ4,000 ዋት በላይ አድርገው ነበር፤ ገደብ የለም ማለት ነው። ማይክሮኮዱ ግን ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ከዝማኔው በኋላም ከዘጋ ቺፑ አልቋል፤ ኢንቴል ለእነዚህ ሞዴሎች ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሞታልና ደረሰኙን ፈልግ። በካርቶን ተገዝቶ ከሆነ በጠቅላላው 5 ዓመት ነው።

ካርቪንግ_08

የራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ሰዎችም አትርሱን። 5000 ተከታታይ ላይ ቮልቴጅ ለመቀነስ ባዮስ ውስጥ ፒቢኦ፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር፣ ኦል ኮርስ፣ ኔጌቲቭ 10 ብላችሁ ጀምሩ። አንዷ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ናት። የሚወድቀው ሬንደር ላይ ሳይሆን ማሽኑ ዝም ባለበት ወይም ብራውዘር በተከፈተበት ሰዓት ስለሆነ ሲኒቤንች አለፈ ብላችሁ አትመኑት። ሙቀት ብቻ ያስቸገረው ሰው ኢኮ ሞድ ያብራ፤ 105 ዋት የሚባሉት ቺፖች ሶኬታቸው ላይ 142 ዋት ድረስ ይወስዳሉ፣ ኢኮ 65 ላይ 88 ይሆናል። የአንድ ኮር ፍጥነት ብዙም አይነካም፣ ስለዚህ ለካድ ሰው የሚያጣው ነገር የለም።

አልሙኒየም_መስኮት

ባለ_ስክሩ፣ 130 ዋት ቻርጀር ተውሼ ሰካሁት፤ 3.9 ጊጋኸርዝ ወጣ። ሶኬቱም ደህና ነው። ግን አንድ ፋይል ብቻ አሁንም ይንቀራፈፋል፣ ከሌላ ቢሮ የመጣ 38 ሜጋባይት ዲደብልዩጂ ነው። ውስጡ አንድ የፎቅ ፕላን ብቻ ነው ያለው።

ኮር_ቆጣሪ

እሱ የፕሮሰሰር ጉዳይ አይደለም። አንድ ፕላን 38 ሜጋባይት ከሆነ በኮፒና ፔስት የመጣ ቆሻሻ ተሸክሟል። ኮፒውን አስቀምጥና ኦዲት ብለህ የስ በል፤ ከዚያ ፑርጅ ከፊቱ ሰረዝ ጨምረህ ጻፍ፣ ሬጋፕስ የሚለውን ምረጥ፤ ሦስተኛ ዙር ያንኑ ትእዛዝ ከፍተህ ኦርፋንድ ዳታ የሚለውን ምረጥ። ከዲጂኤን (የማይክሮስቴሽን ፋይል) የመጡ የመስመር ዓይነቶች ቅሪት የሚወጣው በዚህ ሦስተኛው ነው፤ በተለመደው የፑርጅ መስኮት አይታይም። ከዚያ ኦቨርኪል ለተደራረቡ መስመሮች።

ዊፕትሬድ የሚለውን ቫሪያብል 3 ብታደርገው ሪጄንና ሪድሮው ላይ ተጨማሪ ኮር ይጠቀማል፤ ትልቅ ፋይል ላይ ዙም ስታደርግ ይሰማሃል፣ ሌላ ቦታ ግን አትጠብቀው። ሰሌክሽን ፕሪቪውን ዜሮ ማድረግ ደግሞ ማውሱ በመስመሮች ላይ ሲያልፍ ያለውን መንተፋተፍ ይቀንሳል።

ቢም_ሾፕ

12ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ኢንቴል ላፕቶፕ ለያዛችሁ፦ አይ7-12700ኤች 6 ትልልቅና 8 ትንንሽ ኮር፣ 20 ትሬድ አለው። አንድ ትሬድ ሲሞላ የሚታየው 5% ነው፤ ስለዚህ ከላይ የተባለውን 8.3 በዚያ አስሉት። ሬንደር ጀምራችሁ መስኮቱን ሚኒማይዝ ስታደርጉት ዊንዶውስ «ይህ አይቸኩልም» ብሎ ወደ ትንንሾቹ ሊልከው ይችላል፤ ጊዜው በአንዴ ይረዝማል። መስኮቱን ክፍት ተዉት፣ ወይም ፓወር ሞዱን ቤስት ፐርፎርማንስ አድርጋችሁ የፕሮግራሙን ፕራዮሪቲ አበቭ ኖርማል አድርጉት። ከዚያ በላይ አትውጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ ሰው ወደ 11 መሄዱ እዚህ ላይ ይጠቅመዋል፤ የሁለቱን ኮር ዓይነት የሚለየው መርሐ ግብር የተሠራው ለ11 ነው።

ሴክሽን_ኤ

ከፈትኩት። በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል የነበረው እንዳልከው እንደ ባዘቶ ተነባብሮ ነው የወጣው። ፔስቱ ተፈርፍሮ ነበር። ኤፍአይቪአር ሎክድ ስለሚል የስድስት ኮሩን ሬሾ 36 አድርጌዋለሁ፤ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ከመጀመሪያውም ጠፍቶ ነበር። ያው የቪሬይ ምስል በፊት 31 ደቂቃ፣ ጽዳት ብቻ ከተደረገ በኋላ 26፣ ሬሾው ሲጨመር 25 ደቂቃ ከ20። ሙቀቱ 83 ላይ ቆሟል፣ ጩኸቱም ቀንሷል። ሬቪቱ 26 ሰከንዱ ላይ ነው፣ አልተነካም።

የቀረኝ ራሙ ነው። አንድ ፍሬ 16 ነው ያለው፤ ሁለተኛ ልጨምር ወይስ አይለውጥም?

ኮር_ቆጣሪ

ጨምር። የኦቶዴስክ መመሪያ 300 ሜጋባይት ለሚደርስ ሞዴል 16 ጊጋ፣ 700 ለሚደርስ 32 ይላል፤ 240 ላይ ሆነህ የሊንክ ፋይሎች ሲጨመሩ ጠርዙ ላይ ነህ። ታስክ ማናጀር ሜሞሪ ላይ ኮሚትድ የሚለው ከ16 ካለፈ ወደ ኤስኤስዲው እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም አንድ ፍሬ ራም በአንድ ቻናል ነው የሚሠራው፤ 2666 ላይ በሰከንድ 21.3 ጊጋባይት። ሁለተኛው ሲገባ እጥፍ ይሆናል።

ስትገዛ ዲዲአር4፣ ሶዲም፣ 1.2 ቮልት፣ 2666 ወይም ከዚያ በላይ። 3200 ብትገዛም ፕሮሰሰርህ 2666 ላይ ነው የሚያስኬደው፤ ዋጋው ከተጠጋ ግን ችግር የለውም። ከገባ በኋላ ሲፒዩዚ ላይ ሜሞሪ የሚለውን ገጽ ክፈትና ቻናሉ ዱአል መሆኑን፣ የድራም ፍሪክዌንሲው 1333 አካባቢ መሆኑን እይ፤ ያ ቁጥር በሁለት ሲባዛ ነው 2666 የሚሆነው። ከዚያ ከሱቁ ሳትርቅ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክን አንድ ዙር አስኪደው፤ ጉድለት ካለበት እዚያው ይቀየርልሃል።